የሰባተኛው ጣቢያ ሰዓት

እሁድ፣ ግንቦት 17

ምስሉ ወጣ!

ከአሳል ሐይቅ ወዲያ ባለው እሳተ ገሞራ ዙሪያ የተተከሉት አስራ አራት ጣቢያዎች ስምንት ወር ሙሉ የምድርን ትርታ ሲቀዱ ከርመዋል። ከሁለት ሺህ በላይ ጥቃቅን መንቀጥቀጦች ናቸው። እያንዳንዱ ሞገድ በየትኛው ጣቢያ በስንት ሰከንድ እንደደረሰ በዓይኔ እያየሁ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዛሬ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ያ ሁሉ ቁጥር ቀለም ሆነ። ሞገዱ ፈጥኖ ያለፈበት ጠንካራ ዐለት ሰማያዊ፤ የዘገየበት፣ የጋለና የለሰለሰው፣ ቀይ። ከሰባተኛው ጣቢያ ሥር፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደታች፣ የተቆረጠ ሐብሐብ የመሰለ ቀይ አለ።

ዶክተር ዓብዱልጀሊል ከወንበራቸው ተነስተው ስክሪኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። አለቃዬ ናቸው፤ እንዲህ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። «ከውሰር፣ ይህ ምስል ፈረንሳይ ለዶክትሬት ያስገባሻል» አሉኝ። ለቢሮው ሁሉ ሳምቡሳ አስመጡ።

እኔ አንድም አልበላሁም። ሙቀቱ ይሆናል።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ጋሽ መርሻ ከበረሃ ተመለሰ። ጣቢያዎቹን የሚተክለው፣ ባትሪ የሚቀይረው፣ ሽቦ የሚጠግነው እሱ ነው። እንደኔው ከድሬዳዋ ወደዚህ የወደብ ከተማ የመጣ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የድሮውን ባቡር መብራትና ስልክ ሲጠግን ኖሯል። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ዛሬም ያን ተራራ ባትሪ ተሸክሞ ይወጣዋል። አንቱ ስለው ይስቅብኛል፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለም ይላል።

ምስሉን ሳሳየው ብዙ ቆሞ አየው።

«ቀዩ ሰባት ላይ ነው?»

«አዎ።»

«ሰዓቱን አስተካክለሽ ነው?»

ስልኬ ጮኸ። በኋላ እንነጋገራለን አልኩት። በኋላ ግን ሌላ ሥራ መጣ። ጋሽ መርሻ ጎበዝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የምስል ሥራ ግን ሌላ ትምህርት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ዶክተሩ ምስሉን ለባለሥልጣናት አቀረቡ። ወዲያው ተወሰነ። በሰባተኛው ጣቢያ አጠገብ ባለው የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ የሰፈሩ አስራ አንድ የአፋር ቤተሰቦች ይነሳሉ። ጣቢያውን የሚጠብቅልን ሁመድና እናቱም ከአስራ አንዱ ውስጥ ናቸው።

ለጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ዓርብ፣ ግንቦት 29። ዒድ

ሰፈራችን ካርቲየ 5 ዛሬ ከዳር እስከ ዳር በግ ነው። የምኖረው ከወንድሜ ከረምዚና ከባለቤቱ ከማይሙና ጋር ነው፤ ረምዚ እቤቱ ሥር የጨርቅ ሱቅ አለው። ምስሉን ከኔ ስልክ ወደ ራሱ አሻግሮ ለእንግዳው ሁሉ ያሳያል። «እህቴ ናት! የምድርን ሆድ ዕቃ አየችው!» በአማርኛ ይላል፣ በሶማልኛ ይላል፣ በዐረብኛ ይላል። አንድ የሐረር ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ «ታዲያ እዚያ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ወዴት ሊሄዱ ነው?» አሉ። ረምዚ ሥጋ ጨመረላቸው።

ጋሽ መርሻ ክርስቲያን ቢሆንም ዒድን ረስቶብኝ አያውቅም። የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ «ዒድ ሙባረክ አቦ፣ የኔን ድርሻ ሐልዋ እንዳትረሺ።» ስለ ሰባተኛው ምንም አላለም። መልስ ልጽፍለት ስል ስክሪኑ ወደ ላይ ሄደብኝና የመጋቢት 8ቱን መልእክቱን አየሁት። አርባ አንድ ሰከንድ። አልከፈትኩትም። ረመዳን ላይ የላከው ነው፤ ጾም ይዞ ስንቱ ይሰማል? ተሰምቷል የሚለው ሰማያዊ ምልክት አለበት። የማይሙና ልጆች ስልኬን ይነካካሉ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ቤተሰቦቹ በሁለት የጭነት መኪና ተነሱ። አርባ አራት ዲግሪ። ፍየሎቹ በእግር። ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ጀምሯል፤ በመስኮት ወደቡ አይታይም፣ የክሬኖቹ ጫፍ ብቻ።

ሁመድ ደውሎ ነበር። አላነሳሁም፤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስብሰባው ካለቀ በኋላም አልደወልኩም።

እሁድ፣ ሰኔ 8

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ገቡ፤ ከተማው መዝጊያውን ዘግቶ ተጋደመ። ሌላው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ቢሮ ቀረሁ።

ለራሴ ብቻ አንድ ነገር ልፈትሽ ብዬ ነው። የሰባተኛውን ጣቢያ መዘግየት ቀን በቀን ለይቼ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። እስከ መጋቢት 8 ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ በእኩል እየጨመረ፣ በዘጠኝ ሳምንት አራት አስረኛ ሰከንድ ይደርሳል። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ግንቦት 10፣ ጋሽ መርሻ አዲስ አንቴና በተከለበት ዕለት፣ በአንዴ ዜሮ ይሆናል።

ድንጋይ እንዲህ አይለሰልስም። እንዲህ የሚሄደው ሰዓት ነው። አንቴናው ከሳተላይት ጊዜ መቀበል ሲያቆም የጣቢያው ሰዓት ለብቻው እየሮጠ ይቀድማል፤ በጊዜው የደረሰውን ሞገድ የዘገየ ያስመስለዋል። ከመንቀጥቀጦቹ አብዛኞቹ የመጡት ደግሞ በእነዚያ ዘጠኝ ሳምንታት ነው።

ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ነገ እንደገና አየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

በማግስቱ አላየሁትም። ከዚያም ወዲህ አላየሁትም።

ዛሬ ስብሰባ ነበር። ፈረንሳይ ያሉት ተባባሪዎቻችን ጽፈው ጠይቀዋል፤ የሰባተኛው ጣቢያ ሰዓት ከሳተላይት ተቋርጦ ያውቃል ወይ?

ዶክተሩ ወደኔ ዞሩ። «መዝገቡ ምን ይላል?»

መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። «ምንም አይልም» አልኩ። እውነት ነው፤ ምንም አይልም።

ወደ ጋሽ መርሻ ዞሩ። እሱ ባቡር ቤት በተማረው ፈረንሳይኛ መለሰ። «አንቴናው መጋቢት ላይ ተቆርጦ ነበር። ሽቦውን ፍየል በልታው። ምትኩ ከውጭ እስኪመጣ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ።»

«ለማን ተናገርክ?»

ጋሽ መርሻ አየኝ። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ከሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

«አላስታውስም» አለ።

«ከውሰር፣ ልዩነቱ ስንት ይሆናል?»

«ትንሽ ነው። አንድ አስረኛ ሰከንድ ቢሆን ነው። ምስሉን አይለውጠውም።»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ።

እንዴት አያስታውስም? ጋሽ መርሻ እኮ የዛሬ ሃያ ዓመት የዘገየ ባቡር እንኳ ከነደቂቃው ያስታውሳል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

የፈረንሳዩን ማመልከቻ ሞላሁ። «ትልቁ ሥራዎ ምንድን ነው?» ይላል። አራት መስመር ነው የሰጡት። በሁለቱ ጨረስኩት።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

የዚህ አገር የነጻነት በዓል። ባንዲራ፣ ሰልፍ፣ ልጆች በመኪና ጣሪያ ላይ።

ጋሽ መርሻን ትናንት አሰናበቱት። ደብዳቤው «ብልሽቱን ለዘጠኝ ሳምንት ሳያሳውቅ ቆይቷል» ይላል። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለተባባሪዎቹ አንድ መልስ መስጠት ነበረባቸው። የመኖሪያ ፈቃዱ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ከአገር መውጣት አለበት።

ካርቲየ 7 ቢስ ወዳለው አንድ ክፍል ቤቱ ሄድኩ። ስደርስ ቬንቲላተሩን ለጎረቤቱ፣ ዳቦ ለምትሸጥ ሶማሌ ሴትዮ፣ እያስረከበ ነበር።

«አቦ፣ በዚህ ሙቀት ምን ያዞርሻል?»

«ልሰናበትህ ብዬ።»

«ገና ነኝ እኮ። ባቡሩ ማክሰኞ ሳምንት ነው።»

ሻይ አፈላ። ብርጭቆ አንድ ብቻ ስለቀረው ለኔ ሰጥቶኝ እሱ በጣሳ ጠጣ። ስለ ድሬ ተጫወትን፣ ስለ ከዚራ ጥላ፣ ነርስ ስለሆነችው ልጁ ስለ ትርሲት። ሦስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሙቀቱ ተናገርኩ። በር ድረስ ሸኘኝ።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም። በሰላም ግባ።»

«እሺ ልጄ።»

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ሁመድ ቢሮ መጣ። ከድንበሩ ወዲያ ሎግያ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ሲሠራ የለመደው አማርኛ አለው። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ አታውልቅ ስለው እንቢ አለ።

«እናቴ ሐኪም ቤት ናት» አለ። «አዲሱ ሰፈር ጉድጓድ የለም። ውሃ በቦቴ ነው። ቦቴው አራት ቀን ቀረ። ሠላሳ ፍየል ሞተ። እናቴ የራሷን ውሃ ለልጆቹ ሰጥታ ወደቀች።»

«አሁንስ?»

«አሁን ትናገራለች። ሂድና ጠይቅልኝ አለችኝ። ማሽኑን የምታነቢው አንቺ ነሽ አሉ። እሳቱ መቼ ነው የሚመጣው? በዚህ ወር ከሆነ እንጠብቃለን። የሚቆይ ከሆነ ግን የቀሩትን ፍየሎች ሸጠን ከተማ እንግባ ትላለች። ሃያብለ ሰፈር ዘመድ አለን።»

«አላውቅም» አልኩት።

«ዓመት ነው? ሁለት ዓመት?»

«ሁመድ፣ አላውቅም።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «እሺ እህቴ። ስታውቂ ደውይልኝ» አለ። በመስኮት አየሁት፤ ከግንቡ ሥር ጥላ እያለ በፀሐዩ መሐል ሄደ።

እሁድ፣ ሰኔ 29

የሁመድን እናት ልጠይቅ ብርቱካን ገዝቼ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው «ዘመዷ ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት። ቆይ ልጠይቅልሽ ብሎ ገባ። እስኪመለስ አልጠበቅኩም። ብርቱካኑን ለማይሙና ልጆች ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

የጋሽ መርሻ ባቡር ዛሬ ነው። ነጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ጠዋት ለባብሼ ወጣሁ፤ ሚኒባሱ ሞላብኝ። ሁለተኛውም መጣ። እሱ ባዶ ነበር። ቢሮ ገባሁ። ስሙን ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ከምሳ በኋላ ሁሉም ሲተኛ ማዕድ ቤት ገብቼ መልእክቱን ከፈትኩት። ቃል በቃል ልጻፈው።

«ከውሰር፣ መርሻ ነኝ። ሰባት ጋ ነኝ። ፍየል የአንቴናውን ሽቦ በልታዋለች፤ ምትክ የለኝም። ሰዓቱ ከዛሬ ጀምሮ ለብቻው ነው የሚሄደው፤ እንዳታምኚው። መዝገብ ላይ ጻፊልኝ፣ ቀኑን፣ መጋቢት 8። እኔ የቃል ሰው ነኝ፣ ወረቀት አልወድም፤ አንቺ ካወቅሽ በቃኝ አቦ።»

ከበስተኋላው ሁመድ ፍየሎቹን ሲያባርር ይሰማል።

ከሥሩ የኔ መልስ አለ። ስድስት ሰከንድ። «እሺ ጋሽ መርሻ፣ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ፣ ምንም አታስብ!»

እየሳቅኩ ነው የማወራው። ያን ዕለት እንግዶች ለአፍጥር ተጠርተው ቤቱ ሙሉ ነበር። ረሳሁት። መጀመሪያ በእርግጥ ረሳሁት። ምስሉ በወጣ ቀን ግን፣ ቀዩ ሰባት ላይ ተቀምጦ ሳየው፣ ትዝ አለኝ። እዚያው፣ ዶክተሩ ስክሪኑን እየመቱ ሳለ ትዝ አለኝ። ይህን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ሳልጽፈው ስድስት ሳምንት አለፈ።

ቀና ስል ማይሙና በሩ ላይ ቆማለች።

«ያ መልስ ያንቺ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ሰውዬውን ለምን አባረሩት?»

ማይሙና የውሃ ማሰሮውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «ረምዚ ሳይሰማ አስተካክይው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «የለም። ረምዚም ይስማ» አለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። መልእክቱን አሰማኋቸው። አማርኛ ስለማያውቁ ቃል በቃል ወደ ፈረንሳይኛ የመለስኩላቸው እኔው ነኝ። «እንዳታምኚው» የሚለው ላይ ስደርስ መልእክቱን አቆምኩት። ውሃ ጠጥቼ ጨረስኩት። ከዚያ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁት፤ አንድ አስረኛ ሳይሆን አራት አስረኛ።

መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«መርሳትሽ ስህተት ነው» አሉ። «ማንም ይረሳል። ስብሰባው ላይ ያልሽው ግን ስህተት አይደለም።»

«አይደለም።»

«መርሻ የት ነው ያለው?»

«ከትናንት ወዲያ በባቡር ሄደ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ውጪ ብለው እስኪነግሩኝ ጠበቅኩ። ምንም ስላላሉኝ በራሴ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ሰዓቱ ታርሞ እንደገና ተሰላ። ቀዩ ጠፋ። የቀረው ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ከሥር የጋለ ነገር ይኑር አይኑር ደፍሮ አይናገርም።

ዶክተሩ ባለሥልጣናቱ ዘንድ ሄደው ራሳቸው ተናገሩ፣ የኔን ስም ሳያነሱ። ሲመለሱ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ነበር።

ፈረንሳይ ቀርቷል። ውሌ ነሐሴ መጨረሻ ያልቃል፤ አይታደስም። ረምዚ ምስሉን ከስልኩ አጠፋው። አልተናገረኝም። ምሳ ላይ ዓይኔን ሳያይ ዳቦ አቀበለኝ።

እሁድ፣ ሐምሌ 20

ቤተሰቦቹ ወደ ጉድጓዳቸው እንዲመለሱ ተፈቀደ። እኔ ሄጄ ልንገራቸው ብዬ ዶክተሩን ለመንኳቸው። መኪናና ሾፌር ሰጡኝ።

አዲሱ ሰፈር የተባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። የሁመድ እናት ከሐኪም ቤት ወጥታ ከሸራው ሥር ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ሁመድ ወደ አፋርኛ ይመልሳል።

«ተራራው ሥር እሳት ቀርቧል የተባለው ውሸት ሆኗል። ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር። መበላሸቱን አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

ሁመድ መተርጎሙን አቆመ። «አውቅ ነበር ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ቢሮ የመጣሁ ዕለትም?»

«ያን ዕለትም።»

ወደ መሬት አየ። ከዚያ ተረጎመላቸው፤ ከፊታቸው ላይ ቃሉ የት እንደደረሰ ይታየኝ ነበር። ማንም አልጮኸብኝም። እናቱ ብቻ በዝግታ መናገር ጀመረች፣ በየመሐሉ እያረፈች፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ። ሁመድ አልተረጎመም።

«ምን እያለች ነው?» አልኩት።

«የፍየሎቹን ስም» አለ።

ሠላሳውም እስኪያልቁ ቆሜ ሰማሁ። ስትጨርስ ሸራውን መንቀል ጀመሩ። አንዱን ካስማ ልያዝ ስል ሁመድ ከእጄ ወሰደው። «መኪናሽ ይጠብቅሻል» አለኝ።

እሁድ፣ ነሐሴ 4

ለጋሽ መርሻ ደወልኩ። አንድ ወር ሙሉ ስልኩን አንስቼ ሳስቀምጥ ነበር።

ያነሳችው ትርሲት ናት። «ከውሰር ነሽ?» ብላ ለአባቷ አቀበለችው።

«ዶክተሩ ደውለውልኛል» አለ። «ይቅርታ ጠየቁኝ። ተመለስ አሉኝ።»

«ትመለሳለህ?»

«አልመለስም። እዚህ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ተራራ መውጣት የለው፣ ምን የለው።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ ይቅር በለኝ ብቻ አልኩ። ደጋገምኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ «እሺ» አለ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። አልልሽም አላለም።

«ጋሽ መርሻ፣ መልሴ ስልክህ ላይ ነበር እኮ። ለምን አላሳየሃቸውም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

«እስከ መቼ?»

በእሱ በኩል ባጃጅ አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«ባቡሩ ከነጋድ ሲነሳ ትደውያለሽ ብዬ ስልኩን እጄ ላይ ይዤው ነበር» አለ። «ሆልሆል እስክንደርስ አላስቀመጥኩትም። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ የለም።»